የቀለጠ ቺዝ በቾሪሶ፦ የሜክሲኮው ኬሶ ፉንዲዶ አሠራር

በሰሜን ሜክሲኮ፣ በተለይም በኑዌቮ ሌኦን፣ በኮዋዊላ፣ በቺዋዋና በሶኖራ ግዛቶች በሚገኙ የሥጋ ጥብስ ቤቶች፣ ዋናው ጥብስ ከፍም ላይ እስኪነሣ ድረስ ቀድሞ ወደ ገበታ የሚመጣ ምግብ አለ። ጠለቅ ባላለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ የቀለጠ ቺዝ፣ በላዩ ላይ በደረቅ በርበሬና በኮምጣጤ ተለውሶ የተጠበሰ ቾሪሶ የሚባል ቋሊማ ተነስንሶበት፣ ገና እየተንተከተከ ይቀርባል፤ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ከአንዱ ዕቃ እያነሡ ቶርቲያ በሚባል ትኩስ ስስ ቂጣ ጠቅልለው ይበሉታል። ምግቡ ኬሶ ፉንዲዶ ይባላል፤ ቾሪሶ ሲገባበት ብዙ ሰው ቾሪኬሶ ይለዋል፤ በተመጋቢው ፊት ተኪላ ወይም ሌላ ጠንካራ መጠጥ ፈስሶበት እሳት ሲለኮስበት ደግሞ ኬሶ ፍላሜአዶ ይሆናል።

የሚገባበት ነገር ጥቂት ነው፤ ቺዝ፣ ቋሊማ፣ አንዳንዴም ሽንኩርትና ቃሪያ። በዚህም ምክንያት የአንዱ ጉድለት በሌላው አይሸፈንም። ቺዙ የማይቀልጥ ዓይነት ከሆነ፣ የቋሊማው ስብ ካልተጠነፈፈ፣ ወይም እሳቱ ከልኩ ካለፈ፣ በመጨረሻ በዕቃው ውስጥ የሚገኘው በዘይት የተከበበ፣ ደርቆ የተቋጠረ ነገር ይሆናል። ይህን ምግብ ለመሥራት ልዩ የወጥ ቤት ሙያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቺዝን በዝግታ ማሞቅና ምግቡ እንደወጣ ሳይዘገዩ መብላት ነው። ከዚህ በታች ያለው መጠን ለአራት ሰው የሚበቃ ሲሆን፣ ቾሪሶውን በቤት ለማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ሥራውን ከአንድ ቀን በፊት መጀመር ይኖርበታል።

ቺዙን ስለ መምረጥ

በሜክሲኮ ለዚህ ምግብ በብዛት የሚመረጡት ቺዋዋ፣ ዋሃካና አሳዴሮ የሚባሉት ቺዞች ናቸው። ቺዋዋ የተባለው ቺዝ ስሙን ያገኘው ከተሠራበት ግዛት ነው፤ የሥራው ባለቤቶች ግን እ.ኤ.አ. በ1922 ከካናዳ፣ ከማኒቶባና ከሳስካችዋን ግዛቶች ተነሥተው በኩዋውቴሞክ ከተማ አካባቢ የሰፈሩት ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች ናቸው። ከብት አርብተው፣ ወተቱን ወደ ቺዝ ለውጠው ለገበያ በማቅረባቸው፣ ዛሬም በአገሩ ብዙ ሰው ይህንኑ ቺዝ የሜኖናይት ቺዝ እያለ ይጠራዋል። ቀለሙ ፈዛዛ ቢጫ፣ ጣዕሙ ለስላሳና ቅቤ ቅቤ የሚል ሲሆን፣ ሲሞቅ ያለ ችግር ይፈሳል። የዋሃካው ቺዝ በደቡብ፣ በዋሃካ ሸለቆዎች በምትገኘው በሬየስ ኤትላ አካባቢ ስመ ጥር ነው፤ የረጋው ወተት በሙቅ ውኃ ውስጥ እየተሳበ ረጅም ጥብጣብ እስኪሆን ድረስ ከተዘረጋ በኋላ በድቡልቡል ቅርጽ ይጠመጠማል። የሞዛሬላ አሠራርም በመሠረቱ ይኸው በመሆኑ ሁለቱም ሲቀልጡ ክር እየሠሩ ይሳባሉ። አሳዴሮ ደግሞ የሰሜኑ ሰው ለጥብስ ቤት ምግብ የሚመርጠው ለስላሳ ቺዝ ነው።

እኔ የምመክረው ድብልቅ ሁለት እጅ ቺዋዋና አንድ እጅ ዋሃካ ነው። የመጀመሪያው ጣዕምና ልስላሴ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ያ በቶርቲያ ሲነሣ ረጅም ሆኖ የሚሳበው ክር እንዲኖር ያደርጋል። የዋሃካው ብቻ ከገባ ምግቡ ሲሳብ ያምራል እንጂ ጣዕሙ ይሳሳል፤ ቶሎም ይጠነክራል።

ከሜክሲኮ ውጭ ለሚኖር ሰው ምትክ ማግኘት ከባድ አይደለም። በአሜሪካ የላቲን አሜሪካ ሸቀጥ በሚሸጡ ሱቆች ሁሉም በየስማቸው ይገኛሉ፤ ካልተገኙም በካሊፎርኒያ የተወለደው ሞንቴሬይ ጃክ የቺዋዋን ቦታ በሚገባ ይይዛል። በአውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ገና ያልቆየ ጉዳ ወይም ሃቫርቲ መጠቀም ይችላሉ። በአዲስ አበባ ለፒዛ የሚሸጠው ጠንከር ያለ ሞዛሬላ ከለጋ ጉዳ ጋር በእኩል መጠን ሲደባለቅ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። በጨው ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚሸጠው ትኩስ ሞዛሬላ ግን ብዙ ውኃ ስለያዘ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲሞቅ ውኃው ወጥቶ ከሥር ያቁራል።

የትኛው ቺዝ እንደሚቀልጥና የትኛው እንደማይቀልጥ ለመለየት ቺዝ በምን እንደሚያያዝ ማወቅ ይረዳል። ርኔት በሚባለው የወተት ማርጊያ በረጋ ቺዝ ውስጥ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን በካልሲየም አማካይነት እንደ መረብ ተያይዞ፣ በመረቡ ዐይኖች መካከል ስብና ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ሙቀቱ ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ስቡ ይለሰልሳል፤ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ የፕሮቲኑ መረብ ራሱ ይላላና ቺዙ መፍሰስ ይጀምራል። ሙቀቱ ከዚያ በላይ ብዙ ከጨመረ ወይም ከረዘመ መረቡ እንደገና ይኮማተርና የያዘውን ስብና ውኃ ጨምቆ ያስወጣል። በዕቃው ዙሪያ የሚታየው ዘይትና መሀሉ ላይ የሚቀረው ጠጣር ነገር ከዚህ የመጣ ነው፤ አንዴ ከተለያየ በኋላም ወደ ቀድሞው መመለሱ እጅግ ያስቸግራል።

የአገራችን አይብ በዚህ መንገድ የማይቀልጠውም በአሠራሩ ምክንያት ነው። አይብ የሚወጣው እርጎ ተንጦ ቅቤው ከተነሣ በኋላ የኮመጠጠው አሬራ ሲሞቅ በመሆኑ፣ አሲዱ ፕሮቲኖቹን የሚያያይዘውን ካልሲየም ቀድሞ ያሟሟዋል፤ ፕሮቲኖቹም እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ስለሚቀሩ የበለጠ ቢሞቁ የበለጠ ይደርቃሉ እንጂ አይፈሱም። ከሜክሲኮዎቹም ፓኔላና ኬሶ ፍሬስኮ ቢሞቁ ይለሰልሳሉ እንጂ በሚገባ አይቀልጡም፤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የደረቀው ኮቲሃም በላይ ለመነስነስ እንጂ ለማቅለጥ አይመረጥም።

ተፈግፍጎ በከረጢት የታሸገ ቺዝ አለመግዛት ይሻላል። እንዳይጣበቅ ተብሎ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ስለሚነሰነስበት ሲቀልጥ ልስላሴ ያጣል። ሙሉውን ቺዝ ገዝተው፣ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ በቅዝቃዜው በትልቁ መፈግፈጊያ ይፈግፍጉት፤ ከዚያም ለግማሽ ሰዓት ያህል በክፍሉ ሙቀት ያቆዩት። ቅዝቃዜው የለቀቀው ቺዝ በእሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር የመለያየት አደጋውም ይቀንሳል።

ቾሪሶውን ስለ ማዘጋጀት

ቾሪሶ በስፔንም በሜክሲኮም አለ፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። የስፔኑ ብዙውን ጊዜ በጭስ በደረቀ ፓፕሪካ የተቀመመ፣ ተሰቅሎ የደረቀና እንዳለ ተቆርጦ ሊበላ የሚችል ነው። የሜክሲኮው ጥሬ ነው፤ በተፈጨ ሥጋ፣ በደረቅ በርበሬ፣ በኮምጣጤና በቅመማ ቅመም ተለውሶ፣ ለመብላት ሲፈለግ ከሽፋኑ ወጥቶ በመጥበሻ ላይ እየተፈረፈረ ይበስላል። አሳማውንም ቋሊማ የመሥራቱንም ዘዴ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡት ስፔኖች ናቸው፤ ቀለሙንና ጣዕሙን ግን የአገሩ በርበሬ ሰጠው። ከሜክሲኮ ሲቲ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ቶሉካ በቾሪሶ ከሁሉ ይልቅ የታወቀች ከተማ ስትሆን፣ ከቀዩ ሌላ በቃሪያና በቅጠላ ቅጠል የሚሠራ አረንጓዴ ቾሪሶም አላት።

በልማድ የሚገባው የአሳማ ሥጋ ነው። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ግን አሳማ ስለማይበሉ፣ አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ በበሬ ሥጋ መሥራት ይኖርበታል። ይህ ምግቡን ከባሕሉ የሚያወጣ ነገር አይደለም፤ የበሬ ሥጋ ቾሪሶ በሜክሲካውያን ዘንድም የታወቀና በሱቅ የሚሸጥ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው በስቡ ላይ ነው። ቀይ ሥጋ ብቻ ከተፈጨ ቋሊማው ደርቆ እንደ አሸዋ ይበታተናል፤ ስለዚህ ከጠቅላላው ክብደት ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ስብ መሆን አለበት። ከሥጋ ቤት ሲገዙ ዳቢት ወይም ታናሽ ከሻኛ ወይም ከፍሪምባ ጋር እንዲፈጭልዎ ይጠይቁ፤ ወፍጮውም በጣም የላመ ባይሆን ይመረጣል።

ለግማሽ ኪሎ ሥጋ የሚያስፈልገው ሦስት አንቾና ሁለት ጓሂዮ የሚባሉ ደረቅ በርበሬዎች፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የአፕል ወይም ነጭ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ በጣት ጫፍ የሚቆነጠር ቀረፋ፣ እንዲሁም 9 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። አንቾ የሚባለው ፖብላኖ የተባለው የሜክሲኮ ቃሪያ ሲደርቅ ሲሆን ጥቁረት የሚያደላ ቀይ ቀለምና ጣፋጭነት አለው፤ ጓሂዮ ደግሞ ቀጭን፣ ደማቅ ቀይና ትንሽ የሚያቃጥል ነው።

እነዚህ ካልተገኙ የማረቆ ዛላ በርበሬ ጥሩ ምትክ ነው፤ ከአንቾ ይልቅ ስለሚያቃጥል ግን ፍሬውንና ውስጡን ያለውን ነጭ ጅማት በሚገባ አውጥተው፣ በአራት ዛላ ብቻ ቢጀምሩ ይሻላል። እኛ ከወጣችን የማንለየው በርበሬ መጀመሪያ የለማው በዚያው በሜክሲኮ ምድር ስለሆነ ዛላው ወደ ትውልድ ቤቱ መመለሱ ነው። ተደልዞ፣ በኮረሪማና በበሶብላ ተቀምሞ የተፈጨውን በርበሬ መጠቀም ግን አልመክርም፤ በራሱ የተሟላ ጣዕም ስላለው ቋሊማውን ወደ ወጥ ይወስደዋል። ኦሬጋኖ ካጡ ጥቂት የደረቀ ጦስኝ ሊተካው ይችላል።

በርበሬዎቹን በመቀስ ሰንጥቀው ፍሬያቸውን ካወጡ በኋላ በደረቅ ምጣድ ላይ በሁለቱም በኩል ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ያሙቁ። ሽታቸው ሲወጣ ወዲያው ያንሷቸው፤ ካረሩ የሚመጣውን ምሬት ምንም ቅመም አያጠፋውም። ከዚያ በፈላ ውኃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ይዘፍዝፏቸው፤ ውኃውን አጥልለው ከኮምጣጤው፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከደረቅ ቅመሞቹ ጋር ልም ድልህ እስኪሆኑ ድረስ ይፍጯቸው። ድልሁን ከጨውና ከሥጋው ጋር በእጅ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ያሹ፤ ሥጋው እርስ በርሱ መጣበቅ ሲጀምር በቂ ነው። ጨውና ቅመሙ ልክ መሆኑን ለማወቅ ጥሬውን አይቅመሱ፤ አንድ ማንኪያ ያህል ጠብሰው ይሞክሩ። የቀረውን በክዳን ሸፍነው በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሌሊት ያሳድሩት። ይህ ጊዜ ሊታለፍ የማይገባው ነው፤ ኮምጣጤው ኃይለኛነቱን የሚተወውና በርበሬው ወደ ሥጋው የሚዘልቀው በዚህ ጊዜ ነው። ለዚህ ምግብ የሚያስፈልገው ግማሹ ብቻ ስለሆነ የተረፈውን በበረዶ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል።

በማግስቱ 250 ግራም ቾሪሶ በመካከለኛ እሳት ላይ ባለ መጥበሻ ውስጥ ይጨምሩ። የበሬ ሥጋ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይበቃል፤ የአሳማ ከሆነ ምንም ዘይት አያስፈልገውም። በእንጨት ማንኪያ እየፈረፈሩ ያብስሉት። በመጀመሪያ ውኃና ኮምጣጤ ያወጣና የሚቀቀል ይመስላል፤ ፈሳሹ ሲያልቅ ድምፁ ተለውጦ በራሱ ስብ መጠበስ ይጀምራል። ጥሩ ጣዕም የሚመጣው ከዚህ በኋላ በመሆኑ እርጥበቱ እንዳለቀ አያውርዱት፤ ጠርዙ ጠቆር፣ ጠንከር እስኪል ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩለት። በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። የተፈጨ ሥጋ መሀሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ በርበሬው ቀይ ስለሆነ መብሰሉን በቀለሙ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ መለኪያ ያለው ሰው ቢጠቀምበት መልካም ነው።

ቾሪሶው ሲበስል በወንፊት ላይ አፍስሰው ስቡ እንዲጠነፈፍ ያድርጉ። ብዙ ሰው ይህን ቀዩን ስብ መጣል ያሳዝነውና ከነስቡ ቺዙ ላይ ይደፋዋል፤ ያን ጊዜ ቺዙ ራሱ ከሚያወጣው ስብ ጋር ተደምሮ ምግቡ በዘይት ይሸፈናል። ከስቡ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ አስቀርተው በእርሱ ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ከትፈው እስኪለሰልስ ያቁላሉ። የተረፈውን በብርጭቆ ቢያስቀምጡት በማግስቱ ለዕንቁላል ፍርፍር እጅግ ይስማማል፤ ዕንቁላል በቾሪሶ በሜክሲኮ የታወቀ ቁርስ ነው።

ቶርቲያው

በሰሜን ሜክሲኮ ስንዴ ስለሚበቅል ይህ ምግብ በዚያ የሚበላው በስንዴ ቶርቲያ ነው፤ በመካከለኛውና በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የበቆሎውን የሚመርጡ አሉ። በቤት ለመሥራት 250 ግራም የስንዴ ዱቄት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ይደባልቁ፤ 50 ግራም ለስላሳ ቅቤ ወይም ሌላ ስብ በጣት እያሹ ያስገቡ፤ ከዚያ 140 ሚሊ ሊትር ሞቅ ያለ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ለስላሳ ሊጥ እስኪሆን ያሹት። ሸፍነው ለግማሽ ሰዓት ያሳርፉት፤ ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ወደ ኋላ እየተሰበሰበ ያስቸግራል። ወደ 10 ድቡልቡል ከፋፍለው በስሱ ይዳምጡና በጋለ ደረቅ ምጣድ ላይ በእያንዳንዱ በኩል ከግማሽ ደቂቃ ጥቂት ከፍ ላለ ጊዜ ይጋግሩ። ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ወዲያው በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ በራሱ እንፋሎት እንደለሰለሰ ይቆያል። ቅቤው ያልተነጠረና ያልተቀመመ ይሁን።

በእንጀራ መብላት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ ይኖራል። በእኔ ግምት አይስማማውም፤ የእንጀራው ዐይን የቺዙን ስብ ይመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱም ከቋሊማው ኮምጣጤ ጋር ይደራረባል። ቶርቲያ መጋገር የከበደው ሰው ስስ የስንዴ ቂጣ ቢጋግር ይቀርባል።

ማቅለጥና ማቅረብ

ሜክሲካውያን ካሱዌላ በሚሉት ሰፊና አጭር የሸክላ ዕቃ ያቀርቡታል። ሸክላ የሚመረጠው ሙቀቱን በዝግታ ተቀብሎ በዝግታ ስለሚለቅ ነው፤ ቺዙ ገበታ ላይ ከወጣም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሳይረጋ ይቆያል። ለተጋቢኖ ሽሮ የምንጠቀምበት ትንሽ የሸክላ ዕቃ ለዚህም በሚገባ ያገለግላል። ከሜክሲኮ የመጣ የሚያብለጨልጭ ልባጥ ያለው ሸክላ የሚገዛ ሰው ግን ሊድ ከሚባለው መርዛማ ብረት ነፃ መሆኑ የተጻፈበትን ይምረጥ፤ በጥንቱ ዘዴ ለልባጡ የሊድ ውሕድ ይገባበት ስለነበር ዛሬም እንዲህ የተሠሩ ዕቃዎች አሉ፤ ምግብ ሲሞቅባቸውም ሊዱ ወደ ምግቡ ይገባል። ሸክላ ከሌለ ወፍራም የብረት መጥበሻ ይበቃል።

የሚቀልጠው ቺዝ ጠቅላላ መጠን 400 ግራም ነው። ምድጃዎን ወደ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁ፤ ሸክላው ድንገት በሙቀት እንዳይሰነጠቅ ባዶውን ገና ምድጃው ሳይሞቅ አስገብተው አብሮ እንዲሞቅ ያድርጉ። ከዚያ በጥንቃቄ አውጥተው የተቁላላውን ሽንኩርት ከሥሩ ያንጥፉ፤ ሁለቱን ቺዞች በእጅ ደባልቀው ሳይጫኑ በላዩ ይበትኑና ወደ ምድጃው ይመልሱት። ከ7 እስከ 8 ደቂቃ በኋላ ቺዙ አብዛኛው ሲቀልጥ ያውጡት፤ ከቾሪሶው ሦስት እጁን መሀል ለመሀል ይነስንሱና ለተጨማሪ 4 ደቂቃ ያስገቡት። ቋሊማውን በኋላ የምጨምረው ሆን ብዬ ነው፤ ከመጀመሪያው ከገባ በክብደቱ ወደ ሥር ይሰምጣል፣ ስቡንም በቺዙ ውስጥ ይለቃል።

መድረሱ የሚታወቀው በጠርዙ ነው። ዙሪያው ትንንሽ አረፋ እያወጣ ሲንተከተክና መሀሉ ላይ አንድም ያልቀለጠ የቺዝ ክር ሳይታይ ሲቀር በዚያችው ቅጽበት ይውጣ። መላ ፊቱ ቡናማ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ቺዙን ያደርቀዋል። ጥቂት ቀለም የግድ ከፈለጉ የምድጃውን የላይኛውን እሳት ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይክፈቱና ከፊቱ ሳይለዩ ይቁሙ።

ምድጃ የሌለው ሰው በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ሊሠራው ይችላል። እሳቱ ዝቅተኛ ሆኖ ከሸክላው ሥር ጠፍጣፋ ብረት ቢደረግ ሙቀቱ ይዳረሳል። ቺዙን በሦስት ጊዜ ከፍለው ይጨምሩ፤ የመጀመሪያው ሊቀልጥ ሲቃረብ ሁለተኛው ይከተላል። በክዳን ይሸፍኑት፤ በክዳኑ ውስጥ የሚጠራቀመውን የእንፋሎት ውኃ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥረጉ፤ ወደ ቺዙ ከተንጠባጠበ ያቀጥነዋል። ደጋግሞ ማማሰልም ፕሮቲኑን ወደ አንድ ቦታ እየሰበሰበ ያቋጥረዋል፤ እንዳይያዝ ከሥር በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብሎ ማንሣት ይበቃል። በከሰል ለሚሠራ ሰው ደግሞ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ዕቃውን ከፍሙ መሀል ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ የሰሜኑ ጥብስ ቤት ሰዎች ከሥጋው ጎን በዚሁ ዓይነት ያቀልጡታል።

ወተት፣ ክሬም ወይም ዱቄት አይጨመርበትም። እነዚህ ሲገቡ የሚገኘው በቴክሳስ የሚወደደው፣ በተጠበሰ የበቆሎ ቺፕስ እየተጠለቀ የሚበላው የቺዝ ስጎ ዓይነት ነው፤ እርሱ የራሱ ቦታ ያለው ሌላ ምግብ ነው። ኬሶ ፉንዲዶ ወፍራምና የሚሳብ ሆኖ መቅረት ይኖርበታል። ከመጠን ያለፈ ዘይት ፊቱ ላይ ከታየ ንጹሕ የወጥ ቤት ወረቀት በላዩ አሳርፎ ማንሣት ይጠቅማል።

እሳት ለሚለኮስበት ኬሶ ፍላሜአዶ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተኪላ ወይም ብራንዲ ይበቃል። መጠጡን በትንሽ ዕቃ ለብ አድርገው፣ በምድጃው ላይ ያለውን እሳት ሁሉ አጥፍተው፣ ከጭስ መሳቢያው፣ ከመጋረጃና ከሕፃናት ርቀው በቀለጠው ቺዝ ላይ ያፍስሱና በረጅም ክብሪት ይለኩሱ። ከጠርሙሱ በቀጥታ ማፍሰስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ነበልባሉ ወደ ጠርሙሱ ሊመለስ ይችላል። ነበልባሉ በአብዛኛው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል፤ ለጥንቃቄ ዕቃውን የሚሸፍን የብረት ክዳን በእጅ ይዞ መቆም ይገባል። አልኮሉ በሙሉ ተቃጥሎ ስለማያልቅ መጠጥ የማይቀምስ ሰው ካለ ይህ ደረጃ ይቅር፤ ምግቡ ምንም አይጎድልበትም።

ሥጋ ለማይበላበት ገበታ ሜክሲካውያን ራሳቸው የሚያውቁት መንገድ አለ፤ በቾሪሶው ፈንታ ራሃስ የሚባሉትን የተጠበሰ ፖብላኖ ቁራጮችና እንጉዳይ ያደርጉበታል። በእስራኤል የሚኖሩና ሥጋን ከወተት የማይቀላቅሉ አንባቢዎች በዚህ መልክ ሊሠሩት ይችላሉ። ቃሪያውን በቀጥታ ነበልባል ላይ ቆዳው እስኪጠቁር ይለብልቡት፤ በተከደነ ዕቃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆይተው ይላጡትና በቁመቱ ይሸንሽኑት። እንጉዳዩ ግን ውኃውን ሁሉ ጨርሶ እስኪጠበስ ድረስ ብቻውን መብሰል አለበት፤ እርጥበቱ እንዳለ ከገባ ቺዙን ያበላሻል። በሁለቱም መልኩ የፍስክ ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው።

ከጎኑ የሚቀርበው ሳልሳ የቺዙን ክብደት የሚያቃልል ኮምጣጣና ትኩስ ነገር ይሁን። ሦስት ቲማቲም፣ አንድ ወይም ሁለት ቃሪያ፣ ሩብ ራስ ሽንኩርትና አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት በደረቅ ምጣድ ላይ ቆዳቸው ጠቆር እስኪል ከተጠበሱ በኋላ፣ ከጨው ጋር በሙቀጫ ተወቅጠው የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርባቸው ይበቃል። ሜክሲካውያን ለዚህ ሥራ ሞልካሄቴ የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሙቀጫ አላቸው፤ ተወቅጦ የሚወጣው ሳልሳ በኤሌክትሪክ መፍጫ ከሚወጣው ይልቅ ሸካራና ጣዕመ ብዙ ነው።

ሳልሳው፣ ቶርቲያውና ሰዎቹ ሁሉ በገበታው ዙሪያ ዝግጁ ሳይሆኑ ቺዙ ከእሳት አይውጣ። የቀረውን ሩብ ቾሪሶ በላዩ ነስንሰው፣ ሸክላውን ወፍራም ጨርቅ ወይም እንጨት ላይ ያስቀምጡና ዕቃው እንደሚያቃጥል ለሁሉም ይንገሩ። እያንዳንዱ ሰው ቶርቲያውን በመዳፉ ይዞ በማንኪያ ቺዝ ያኖርበታል፤ ጥቂት ሳልሳ ጨምሮ ይጠቀልለዋል። ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ መጠንከር ስለሚጀምር ወሬው ከምግቡ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በጠርዙ ላይ የተያዘውን ቡናማ ቅርፊት በማንኪያ ፍቆ ማንሣትም አይዘንጋ፤ ብዙ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው እርሱን ነው።

የተረፈውን በዚያው ዕቃ እንደገና ለማቅለጥ መሞከር አይበጅም፤ ሁለተኛው ሙቀት ስቡን ይለየዋል። ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቡት፤ በማግስቱ በቢላ ቆራርጠው በሁለት ቶርቲያ መካከል በስሱ ያሰራጩና በመካከለኛ እሳት በምጣድ ላይ በሁለቱም በኩል ያሙቁት። ዳቦ ያለው ሰው ደግሞ ዳቦውን ለሁለት ሰንጥቆ፣ የተፈጨ የበሰለ ባቄላ ቀብቶ፣ ይህንኑ ቺዝና ቾሪሶ በላዩ አድርጎ በምድጃ ቢያሞቀው ሞዬቴስ የሚባለውን የሜክሲኮ ቁርስ ያገኛል።